ኮፓን፦ ቅደም ተከተሉ የጠፋው ደረጃ

ኮፓን የቆየሁት ሁለት ቀን ነው። አንዱን ቀን ሙሉ ያሳለፍኩት አንድ ደረጃ ሥር ቆሜ ነው።

የዚህች ጥንታዊ የማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ ምዕራብ ሆንዱራስ ውስጥ፣ ከጓቲማላ ድንበር አጠገብ ነው። ገና በሩ ላይ ቀያይ ማካዎች በራስ ላይ እየጮኹ ያልፋሉ። ማካው ትልቅ በቀቀን ነው፤ በማያ ቋንቋ «ሞ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ426 ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተውም ንጉሥ ቂኒች ያሽ ቁቅ ሞ ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጽፉት ኬ ላይ ጭረት መጨመር ግድ ይላቸዋል፤ በእኛ «ቀ» ግን ልክክ ይላል፣ ማያዎችም ድምፁን እንደኛው አፈንድተው ነው የሚያወጡት። ብዙዎቹ ምልክቶቻቸው ደግሞ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛሉ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ድንጋዮቹን እንደ ባዕድ ማየት አልቻልኩም።

ደረጃው ከ60 በላይ እርከን አለው፤ የእያንዳንዱ እርከን ፊት በሂሮግሊፍ፣ ማለትም በሥዕላዊ ጽሕፈት፣ ተቀርጿል። ምልክቶቹ ከ2,000 ይበልጣሉ። እስካሁን ከሚታወቁት የማያ ጽሑፎች ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው፤ የሚተርከውም የከተማዋን ነገሥታት ታሪክ ነው። መውጣት ክልክል ነው፤ ዝናብና ፀሐይ እንዳይበላው ከላዩ ሸራ ተዘርግቶለታል።

ሥራዬ መጽሐፍ ማረም ነው፤ ገጽ ተዘበራርቆ የተጠረዘ መጽሐፍ እጄ ሲገባ እንቅልፍ አይወስደኝም። እዚህ ያለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ደረጃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆፈር አብዛኛው ተንዶ ነበር፤ በቦታቸው የተገኙት በተለይ ከታች ያሉት እርከኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካርኔጊ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ባለሙያዎች የወደቁትን ድንጋዮች መልሰው ደረደሯቸው። ያኔ ግን ከዘመን ቁጥሮቹ በቀር ጽሑፉን የሚያነብ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከታች ባሉት እርከኖች የተያያዘው ታሪክ ወደ ላይ ሲወጣ ይበጣጠሳል፦ የአንዱ ንጉሥ ስም ከሌላው ዘመን ጎን፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከማይመለከተው ግማሽ ጋር። ሰዎቹን አልወቅስም። ባያነሷቸው ኖሮ ድንጋዮቹ ይጠፉ ነበር።

ደረጃውን ያስጀመረው 13ኛው ንጉሥ፣ ዋሻክላሁን ኡባህ ቃዊል ነው። እ.ኤ.አ. በ738፣ ለእሱ ይገብር የነበረው የኪሪጓ ከተማ ገዥ ማርኮ ገደለው። ሥራውን አስረዝሞ የጨረሰው 15ኛው ንጉሥ ነው።

በማግስቱ ሙዚየም ገባሁ፤ «መሠዊያ ኪው» የሚባለውን ድንጋይ ለማየት። እ.ኤ.አ. በ776 የተሠራ ነው፤ አራት ጎኖቹ ላይ አራት አራት ሆነው 16ቱም ነገሥታት ተቀርጸዋል። መሥራቹ ለ16ኛው የሥልጣን በትር ሲያቀብል ይታያል። እዚህ ቅደም ተከተሉን የነካው የለም። ድንጋዩን እየዞርኩ በጣቴ ቆጠርኩ። 13ኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ አሟሟቱን የሚናገር አንድም ምልክት የለበትም። እንደ ወንድሞቹ ነገሥታት እግሩን አጣጥፎ ተራው ላይ ተቀምጧል።