የትንሽ ውሻ ልብስ፦ እግር ማስገቢያው የት ይቆረጥ?

ለትንሽ ውሻ የተሰፋ ልብስ አልሆን ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እግር ማስገቢያው ላይ ነው። የሰው ክንድ ከጎን ይወጣል፤ የውሻ የፊት እግር ግን ከደረቱ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። የሕፃን ቲሸርት አሳጥሮ ማልበስ የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በጎን ስለሚቀሩ ውሻው ሲራመድ ብብቱን ይፈትገዋል።

ልኬት ሲወሰድ ውሻው ይቁም፤ ሲቀመጥ ጀርባው ይጎብጥና ልኬቱ ይዛባል። አንገቱ 24፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለው የደረቱ ዙሪያ 38፣ ከአንገቱ ሥር እስከ ጅራቱ መነሻ 28፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ያለው ስፋት 7 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ደረቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር መላወሻ ሲጨመር 42 ይሆናል፦ 28ቱ ለጀርባው ቁራጭ፣ 14ቱ ለሆዱ። በጋዜጣ ላይ ቅዱን አውጡ። እግር ማስገቢያው ሁለቱ ቁራጮች በሚገናኙበት ጎን ላይ ይውላል፤ ግን እኩል አይካፈሉትም። ከሆዱ ቁራጭ በየጎኑ 3.5፣ ከጀርባው 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይወጣል። ያኔ በቀዳዳዎቹ መካከል ልክ 7 ይቀራል። የጀርባው ርዝመት 25 ይበቃዋል። ወንድ ከሆነ የሆዱ ቁራጭ ከብልቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይቁም፤ አለበለዚያ በየቀኑ ማጠብ ነው። ለስፌት በየዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተው።

ለመጀመሪያ ሥራ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ይመረጣል፤ ዳሩ አይተረተርም። ከሰልቫጅ የተገዛ አሮጌ የፍሊስ ጃኬት ከበቂ በላይ ነው። የጨርቁ መለጠጫ በደረቱ ዙሪያ ይሂድ፣ በጀርባው ርዝመት አይሁን። ምልክት ለማድረግ የደረቀ የሳሙና ስባሪ ከእስክሪብቶ ይሻላል።

ቀጥ ያለ ስፌት እዚህ አይሆንም፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ጠባብ ዚግዛግ ይሁን፦ ስፋቱ 1፣ ርዝመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር። የማሽኑ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ ለሹራብ ጨርቅ የሚሠራ፣ ቁጥር 80 ይሁን፤ ሹል መርፌ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ስፌት ይዘላል። ዳሩ እንደ ማዕበል ከተጠማዘዘ ደግሞ ጨርቁን እየጎተታችሁት ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይውሰደው።

መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ አንገቱና እግር ማስገቢያዎቹ ይሰፋሉ። ለእነዚህ የሹራብ ክፈፍ፣ ማለትም ዳሩን የሚይዘው የሚለጠጥ ጥብጣብ፣ የሚቆረጠው ከቀዳዳው ዙሪያ 80 በመቶ ሆኖ ነው፤ 16 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ 13፣ የስፌቱ ትርፍ ሲጨመር 15። የአንገቱን ክፈፍ ከመስፋታችሁ በፊት በውሻው ጭንቅላት ላይ ሞክሩት። የትንሽ ውሻ ጭንቅላት ብዙ ጊዜ ከአንገቱ ይሰፋልና ካልገባ የተሰፋው ሁሉ ከንቱ ነው።

አዝራር አይደረግ፤ ነክሶ ይውጠዋል። ቬልክሮ ከሆነ ሻካራው ፊት ከጸጉሩ ተቃራኒ ይዙር፣ አለበለዚያ እያሰረ ይነጫል።

ሲለብስ አንገቱና ደረቱ ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ውሻው ቆሞ ከደረቀ ሁሌም ልብሱ ስለጠበበው አይደለም፤ ለልብስ አዲስ የሆነ ውሻ እንደዚያ ያደርጋል። ሲራመድ እርምጃው ካጠረ ግን የሆዱን ቁራጭ በእግሮቹ መካከል በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አጥብቡት። ካወለቃችሁት በኋላ ብብቱን ገልጣችሁ እዩ፤ ቀይ ከሆነ እግር ማስገቢያው ገና ጠባብ ነው።