ሂተሩ ሲበራ የሚደርቅ ቆዳ

እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ባለ ቦታ በብርዱ ወራት ቆዳን የሚያደርቀው ውርጩ ብቻ ሳይሆን ሂተሩም ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው፤ ያው አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እርጥበት የያዘው ድርሻ) ከ20 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ቅልጥም ያሳክካል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል።

ሂዩሚዲፋየር (የቤት አየር የሚያረጥብ መሣሪያ) ስትገዙ የእርጥበት መለኪያም አብራችሁ ግዙ። ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበቃል። መስኮቱን ካላበው ቀንሱት፤ አለዚያ ግድግዳው ይሻግታል፣ ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ሰው ክፉ ነው።

አልትራሶኒክ የሚባለው፣ ውሃን በንዝረት ወደ ጉም የሚለውጠው ዓይነት የቧንቧ ውሃ ከተሞላበት የውሃውን ማዕድን አብሮ ይረጫል። ጥቁር ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ነጭ ብናኝ እሱ ነውና ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ተጠቀሙ። የተረፈውን ውሃ በየቀኑ ድፉ፣ የመሣሪያውን የውሃ መያዣ በየሦስት ቀኑ እጠቡ። ሥሩ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በአቼቶ ለ30 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋችሁ በለስላሳ ብሩሽ እሹት፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም አይደባለቁ! መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

እርጥብ አየር ብቻውን አይበቃም። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጠቡ፤ በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ተቀቡ።