ጠርዙን ያቃናሁት እኔ ነኝ

ማተሚያ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ምስል ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነበር፤ የደበዘዘውን ማጥራት፣ የጠመመውን ማቅናት፣ ጭረትና አቧራ ማንሳት። ይህ ሥራ ዓይን ያበላሻል። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ፊቱን ትቼ ማድያቱን ነበር የማየው።

አንድ መጽሔት ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያዘጋጀውን ልዩ እትም አመጣልን። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ኮሎኝ በተማረበት ዘመን ስሙ የገነነውን የኒውዮርክ ሠዓሊዎቹን አብስትራክት ኤክስፕሬሽኒዝም፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር ሳይሥሉ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ስሜትን የመግለጽ ስልት፣ የሚያስረዳ ስምንት ገጽም ነበረበት። ፕሌቱ፣ ማለትም የማተሚያው ሰሌዳ፣ የሚወጣው በዚያው ምሽት ነው። ጽሑፉን አላነበብኩትም፤ ምስሎቹን ብቻ ከፈትኩ። የሦስት ሠዓሊዎች ሥራ ነው፦ ፖሎክ፣ ሮትኮ፣ ክላይን።

ፖሎክን አልነካሁትም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ሮትኮው ግን እጄን በላኝ። ከላይ ብርቱካናማ፣ ከታች ጥቁር ቀይ፣ ሁለት ሰፋፊ አራት ማዕዘኖች፤ ጠርዛቸውን ጭጋግ በልቶታል። የስካነሩ ጥፋት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠርዙን በመስመር ቆርጬ አቀናሁት፤ የተዥጎረጎረውንም ቀለም አንድ ወጥ አድርጌ ሞላሁት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደ አዲስ ባንዲራ ጥርት አለ።

ሌሊት ማሽኑ ድንገት ቆመ። ወርጄ ሳይ ማሽኒስታችን ስፖንጅ ይዘው የፖሎክን ፕሌት ያሻሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ቆሻሻ አይደለም፣ ሥዕሉ ነው።»

አጎንብሰው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በንዴት ሳይሆን ከልባቸው ጠየቁኝ።

«ነጠብጣቡ ሥዕሉ ከሆነማ፣ ቆሻሻ የገባ እንደሆነ በምን ልወቀው?»

መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ወረቀት መብራት ሥር ዘረጉና ቀጣዮቹን ከእሱ ጋር፣ ጠብታን ከጠብታ እያስተያዩ ማተም ቀጠሉ። ፖሎክ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን እየዞረ፣ የቤት ቀለም በዱላና በደረቀ ብሩሽ እያንጠባጠበ የሠራው መሆኑን ያነበብኩት ኋላ ነው። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የወደቀ ነው ሲሉት አይቀበልም ነበር። ጋሼም ሌሊቱን እንደዚያው ነበር ያሰቡት።

ወደ ክላይን ገጽ ሲደርሱ ደግሞ፣ «የዚህስ ላዩ የት ነው?» አሉኝ። ነጭ ላይ እንደ ወደቀ የቤት ማገር የተጋደመ ጥቁር ነው። «የመጽሔቱ አዘጋጅ ናሙናው ላይ ፈርሞበታል» አልኳቸው፤ ትንሽ በትዕቢት።

አዘጋጁ ጠዋት መጣ። «ሮትኮን ማነው የገደለው?»

«ጠርዙ ደብዝዞ ስለነበር አስተካከልኩት።»

«አስተካከልኩት!» ብሎ ወደ ሠራተኛው ሁሉ ዞረ። ከዚያ በኋላ ማሽን ቆሞ ትምህርት ሆነ። ሮትኮ ቀለሙን አቅጥኖ በስስ ድርብርብ እንደሚቀባ፣ የታችኛው በላይኛው ውስጥ እንደሚያበራ፣ ጠርዙን ያላሰመረውም ቀለሙ እንዲንሳፈፍ ብሎ እንደሆነ ነገረን። ጦርነት ሸሽተው ኒውዮርክ የገቡትን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጠቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ለኒውዮርኮቹ ስሙን ያወጣላቸውን ሐያሲ ሮበርት ኮትስንም አነሳ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተማሪ ነው። ከዚያ ጣቱን ክላይን ላይ አሳረፈ።

«ይህን እይ! በአንድ ምት የተሰነዘረ ይመስልሃል። ንድፉን በስልክ ማውጫ ገጾች ላይ ሲሞክር ነው የኖረው። ነጩም ባዶ ሸራ አይደለም፤ እንደ ጥቁሩ የተቀባ ነው። ዓይን የሌለው ሰው ሥዕል አይንካ!»

ገጹ እንደገና ታተመ። የወረቀቱ ዋጋ በሦስት ወር ከደመወዜ ተቆረጠ። አልተከራከርኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያንኑ የክላይን ሥዕል መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። እኛ ያተምነው ተዘቅዝቆ ነው። ፋይሉን የላከው አዘጋጁ ነው፤ እኔም እንደመጣ አስቀመጥኩት፤ እሱም ፈረመ። አንድም አንባቢ አልጻፈልንም። ጋሼ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ልነግራቸው የፈለግኩት እሳቸውን ብቻ ነው።

የተፈረመበት የናሙና ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ፊርማውን ለማንበብ ስይዘው ሥዕሉ ይዘቀዘቃል፤ ሥዕሉን ሳቀናው ፊርማው ይገለበጣል።