የመኪና መድን ፖሊሲን በስልክ ማድረስ፦ አዳማ ላይ እስካሁን የደረስንበት

የመድን ፖሊሲውን (የውል ሰነዱን) ፒዲኤፍ ለደንበኛው መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደንበኛው ከፍቶ፣ ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር አመሳክሮ እስኪመልስልን ድረስ ግን መዝገባችን ላይ «ደርሷል» ብለን አንጽፍም። ቴሌግራም ላይ ሁለቱ ምልክቶች መታየታቸው መልእክቱ መታየቱን እንጂ ፋይሉ መከፈቱን አይነግርም።

ሕጉ መንገድ አልዘጋም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ውል ፖሊሲ በሚባል ሰነድ እንዲደገፍ ይጠይቃል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም ወረቀት ሁሉ አይቀርም። የሦስተኛ ወገን ስቲከር መስታወት ላይ መለጠፍ አለበት። ጅቡቲ ለሚወርድ ከባድ መኪና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ድንበር ተሻጋሪ የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ) ለብቻው ይወጣል፤ የፖሊሲው ፒዲኤፍ አይተካውም። መኪናው የብድር መያዣ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ማኅተም ያረፈበት ዋና ቅጂ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ፋይሉ ከሲስተም በቀጥታ ይውጣ። አትሞ በስልክ ካሜራ አንስቶ መላክ ትልቁ ስህተት ነው፤ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንስ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ 8 እና 3 አይለዩም። ስካን ማድረግ ግድ ሲሆን 200 ዲፒአይ ይበቃል፤ በ«ፋይል» በኩል ይላክ። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ አልተካተተም ማለት ነውና ፎንቱን አካትቶ እንደገና ማውጣት ነው።

ስኬጁሉን (የደንበኛውና የመኪናው ዝርዝር ያለበትን ገጽ) ለሁሉም ደንበኛ አንድ ከሆኑት ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ለይተን እንልካለን፤ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ማከማቻው የሞላ፣ ዳታውም የቀን ጥቅል ሊሆን ይችላል። ከዚያ በአጭር መልእክት የፖሊሲ ቁጥር፣ ታርጋ፣ የሚያበቃበት ቀንና የአደጋ ማሳወቂያ ስልክ ይከተላል። አዋሽ መንገድ ላይ ኔትወርክ በሌለበት የተጋጨ ሰው የሚያገኘው ይህንን ነው። አደጋ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው መነገር እንዳለበትም እዚያው ላይ ቢጻፍ ይጠቅመዋል።

የማመሳከሪያ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ከሊብሬዎ ላይ የሻንሲውን የመጨረሻ 6 ቁጥሮች ይላኩልኝ»። ከስኬጁሉ ላይ አይቶ እንዳይመልስ ሊብሬውን ፎቶ አንስቶ ቢልክ ይመረጣል። 17 አኃዝና ፊደል ባለው የሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ካያችሁ ያለጥርጥር 1 ወይም 0 ተሳስቶ ተጽፏል። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቶዮታ ቪትዝ ግን 17 አትሞላም፣ መሐሏ ላይ ሰረዝ አላት። ጎደለ ብላችሁ ዜሮ እንዳትጨምሩ።

ቀን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስኬጁል በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል። 10/09/2026 የሚለውን አይቶ ደንበኛው ግንቦት 10 ሊል ይችላል፤ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ነው። ስለዚህ በአጭር መልእክቱ ላይ የእኛን አቆጣጠር በወር ስም እንጽፋለን። ውሉ እኩለ ሌሊት የሚያበቃ ከሆነም «ሌሊት 6 ሰዓት» ይባል፤ 12 ሰዓት ብሎ የጻፈ ወኪል ለደንበኛው የሌለ ሽፋን ነገረው ማለት ነው።

አረቦን (የመድን ክፍያው) ሳይገባ ፖሊሲ አይላክም። ዋጋውን ብቻ ለማሳየት ከሆነ በየገጹ «ረቂቅ» የሚል ይታተምበት፤ አለዚያ ሰው ስልኩ ላይ ፒዲኤፍ ስላየ ብቻ ዋስትና ያለው ይመስለዋል። ይህ በእውነት የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

የማን ስልክ ላይ እንደምንልክም እናጣራ። ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሾፌሩ ነው፤ ፖሊሲው ግን የባለንብረቱን አድራሻና መታወቂያ ይዟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለባለንብረቱ ሙሉው ይላክ፣ ለሾፌሩ አጭር መልእክቱ ይበቃል።

ታርጋ ወይም የመኪናው አገልግሎት ሲቀየር የሚወጣውን ኢንዶርስመንት (የፖሊሲ ማሻሻያ ሰነድ) በአሮጌው ፋይል ስም አታስቀምጡ። «ተቀጽላ 1» ተብሎ ከፊተኛው ጋር አብሮ ይላክ፤ ካልሆነ በካሳ ጊዜ ደንበኛው የቆየውን ይዞ ይቀርባል። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ደንበኛ ስለ ኤክሰስ (ደንበኛው ከጉዳቱ ራሱ ስለሚሸፍነው ድርሻ) በራሱ ቋንቋ የ1 ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቀድቶ አብሮ መላክ ይቀላል፤ ከካሳው ላይ የሚቀነሰውን መጠን በብር ጠርቶ መናገር ነው።