«አላውቅም» ማለት የሚችል ፕሮግራም

ገላን ውስጥ ያለ የአንድ መጋዘን ማቀዝቀዣ ክፍል እከታተላለሁ። ሰሞኑን ሌሊት በሰላም መተኛት ጀምሬያለሁ። አዲስ ዕቃ አልገዛሁም። ሙቀቱን የምታነበው ትንሿ የፓይተን ፕሮግራሜ ስትጨርስ የምትመልሳቸውን ኤግዚት ኮዶች (ሥራዋ እንዴት እንዳለቀ የሚናገሩ ቁጥሮች) እንደገና ደለደልኩ፣ በቃ። በዚህ ነገር የምትቸገሩ ካላችሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መሠረቱን ታውቁታላችሁ። 0 ሰላም ነው፣ ሌላው ችግር። ቁጥሩ ከ255 አያልፍም፤ በ256 ብትወጡ ሼሉ (ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው) የሚያየው 0 ነው። ስለዚህ ያገኘውን የስህተት ብዛት ኤግዚት ኮድ አድርጎ የሚመልስ ስክሪፕት ካያችሁ ሽሹ። ከ125 በላይ ያለውንም ለሼሉ ተዉለት። 127 ትዕዛዙ አልተገኘም ነው፤ 137 ደግሞ ፕሮግራሙ በሲግናል 9፣ በግድ በሚያስቆመው ምልክት፣ ተገደለ ማለት ነው። ለክትትል ሥራ፣ ናጊዮስ (ማሽኖችን እየፈተሸ ችግር ሲኖር የሚያሳውቅ ፕሮግራም) ያስለመደን አራት ቁጥር ይበቃል፦ 0 ደህና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 አይታወቅም።

መከራዬን ያበላችኝ ይህች 3 ናት።

ገላን መብራት ሲሄድ ማቀዝቀዣው በጄኔሬተር ይቀጥላል። ኔትወርኩ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ናጊዮሱ ያለው እኔ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ መለኪያውን ማግኘት ያቅተዋል። ያኔ ክፍሉ ይቀዝቅዝ ይሙቅ ከዚህ ሆኖ የሚያውቅ የለም። ይህን 2 ብላችሁ ከመለሳችሁ ኤስኤምኤሱ ለጥበቃው ይሄዳል። የእኛ ጥበቃ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ተነስተው በሩን ከፍተው ያያሉ። «ልጄ፣ ዛሬም በረዶ ነው፤ ይሄ ማሽንህ ምን ነካው?» ይሉኛል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ሙቀት ይገባል። የውሸት ጥሪው ራሱ ክፍሉን ያሞቀዋል።

«ታዲያ 3 መልስ» ትሉኛላችሁ። ችግሩ ፓይተን ሳትጠይቁት የራሱን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ማንም ያልያዘው ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ ስህተት) ሲፈጠር በ1 ይወጣል፤ ናጊዮስ «ትንሽ ሞቋል» ብሎ ይረዳዋል። የትዕዛዝ አማራጮችን የሚያነበው የፓይተን ክፍል፣ አርግፓርስ፣ የማያውቀው አማራጭ ሲሰጠው በ2 ይወጣል፤ አንድ ፊደል የሳተ ትዕዛዝ ሽማግሌውን ከአልጋ ያስነሳል።

እኔ ያደረግኩት ይኸው። ዋናውን ፈንክሽን በሙሉ ትራይ ውስጥ (ስህተት ቢፈጠር በሚያዝበት ክፍል) አስገባሁት፤ ያልጠበቅኩት ነገር ሁሉ በ3 ይወጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ስህተቱን የሚይዘውን ኤክሴፕት የስህተት ዓይነት ሳትጽፉለት ባዶውን አትተዉት። በመረጣችሁት ቁጥር የሚያስወጣችሁ ሲስ ኤግዚት ራሱ የሚሠራው ሲስተም ኤግዚት የሚባል ኤክሴፕሽን በመወርወር ስለሆነ፣ ባዶው ኤክሴፕት የራሳችሁን 2 ይይዝና 3 ያደርገዋል። እውነተኛው አደጋ ተዋጠ ማለት ነው። «ኤክሴፕት ኤክሴፕሽን» በሉት፤ እሱ ሲስተም ኤግዚትን አይነካም። አርግፓርስ ላይ ኤረር የሚለውን ሜተድ በራሴ ተክቼ በ3 እንዲወጣ አደረግኩ። የሌላ ሰው ኮድ የሚያስገቡት መስመሮች፣ ኢምፖርቶቹስ? ከትራይ በላይ ያለ ኢምፖርት ከወደቀ አሁንም በ1 ይወጣል። ስለዚህ የውጭ ላይብረሪዎቹን ወደ ፈንክሽኑ ውስጥ አወረድኳቸው። አያምርም፤ ግን ይሠራል። ታይምአውት በሚለው ትዕዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነም፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚመልሰውን 124 ወደ 3 ቀይሩት።

በነገራችን ላይ ከቆዩት መሣሪያዎች ለእኔ ግሬፕን (በፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልገውን ትዕዛዝ) የሚያህል የለም። ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ መፈለጉ ራሱ ካቃተው 2። «የለም»ን እና «ማየት አልቻልኩም»ን ይለያል። ሰዉ ግን 0 ያልሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቀዋል። የሎግ ፋይሉ (የክንውን መዝገቡ) ተሰርዞ ግሬፕ 2 ሲመልስ፣ ስክሪፕቱ «ምንም ስህተት አልተገኘም» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። ከድረ ገጽ የሚያወርደው ከርል ደግሞ ያናድደኛል፤ ሰርቨሩ 404 (ገጹ የለም) ብሎ ቢመልስም በ0 ይወጣል። ፌይል የሚለውን አማራጭ ስትሰጡት ነው 22 የሚመልሰው። ከ64 እስከ 78 ያሉትን፣ ቢኤስዲ ከሚባለው የዩኒክስ ዝርያ የመጡትን ኤግዚት ኮዶች የሚወዱ ጓደኞችም አሉኝ። ይውደዱ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 69 ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ግን አላየሁም።

ማን ይነቃ የሚለውን ፕሮግራሙ መወሰን የለበትም። ናጊዮስ ውስጥ ለየሰዉ የትኛው ሁኔታ እንደሚላክ መምረጥ ይቻላል። ለጥበቃው 2 ብቻ ይሄዳል፣ 3 ለእኔ። 3 ሲቆይብኝ ደውዬ በአፍ እጠይቃቸዋለሁ። 1ን እውነቱን ለመናገር ሌሊት አላየውም፤ ጠዋት ቡና እየተፈላ ነው የማነበው። እንዲያውም ጨርሼ ላወጣው እያሰብኩ ነው። ማስጠንቀቂያን በቁም ነገር የምትጠቀሙበት ካላችሁ፣ ገደቡን በምን እንደምትመርጡ ንገሩኝ።