በአሰብ መስመር፣ ከወንድም ጋሼ ኋላ

ታላቅ ወንድሜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከነተሳቢው ፊያት ይነዳል። ሌላው ሹፌር ከመንገድ ሲመለስ ሰልባጅ ይዞ ይመጣል፤ ወንድም ጋሼ ጭፈራ ይዞ ይመጣል።

ካረፈ ወዲህ መንገዱን ልሂድበት ልሂድበት ስል ቆይቼ፣ ባለፈው ጥር አንድ እሁድ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አሰብ ድረስማ አይታሰብም። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። እኔም የፈለግኩት ባቲን ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ያው ብርድ ነው። ጣሊያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ ጉም ዋጠን። ከዚያ ቁልቁል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ የለም፤ እኔም ገዛሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬት ወለቀ።

ወንድም ጋሼ ረዳቱን የሚያስጨንቀው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነበር አሉ። ካሴቱን ይከፍታል። እጁ መሪው ላይ፣ እግሩ ፍሬን ላይ፣ ትከሻው ግን በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ረዳቱ ይህን የነገረን ለቅሶ ቤት ነው። ሳቅን፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ።

እኔን ያስተማረኝም እንደዚሁ ነው። ከኋላዬ ይቆምና ወገቤን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ "ወገብሽ ይረፍ፣ አንገትሽም አይቸኩል፣ ትከሻሽ ብቻ ይሥራ" ይለኛል። የከበሮው ምት ሳይመጣ ከነቀነቅኩ ጭፈራው ይቆማል። ጉራጌኛውን በእግር፣ ወላይትኛውን በወገብ እየቀያየረ ሲያሳየኝ እንሳሳቃለን፤ እስክስታ ላይ ሲደርስ ግን ቀልድ የለም። ቀድሞ የሚነቃነቅ ትከሻ አይሰማም ባይ ነው። የዛሬን ሰርግ ቤት አላየ፤ ሁሉም ስልኩን ደግኖ ሲቀርጽ ማን እንደሚሰማ እንጃ።

ኮምቦልቻ አድሬ ሰኞ ጠዋት ባቲ ወረድኩ። ገበያው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ አማራውና ኦሮሞው ከደጋ ይወርዳል። አንድ ፍየል ሻጭ ሽማግሌ ዋጋ የሚጠሩት በኦሮምኛ፣ የሚቆጡት በአማርኛ ነበር። ገዢው አፋር ሁለቱንም ሰምቶ ዝም አለ፣ ዋጋውም ወረደለት።

ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ አገር ስም ነው። ወንድም ጋሼ ትዝታ ሲዘፈን ንቅንቅ አይልም፤ "ይሄ የሚቀመጡበት ነው" ይላል። ባቲ ሲመጣ ግን ብርጭቆውን እንኳ አያስቀምጥም፣ ይዞት ይነሳል።

ማታ ኮምቦልቻ ተመልሼ አንድ አዝማሪ ቤት ገባሁ። ሴት ብቻዋን ስትገባ እንደሚታየው ታየሁ፣ ከዚያ ተውኝ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ አጠገቤ ሲቆም ግጥም ሰጠሁት፦

ተቀበል!
ሰኞን ጠብቄ ነው ባቲ የወረድኩልህ፣
ትከሻዬን ይዤ ወዴት ብዬ ላግኝህ።

ተቀበለ። በሁለተኛው ዙር ግን "ትከሻዬን" የሚለውን "ሒሳቤን" አድርጎ ዓይኑን ወደ ባንኮኒው ወረወረ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት።

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሸበቶ አባት ተነስተው መጡ።

"የማን ሐዘን ነው ልጄ?"

"የወንድሜ። የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር።"

"እኔም ነበርኩ" አሉ። ስሙን ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ስሙን እንኳ አላስታውስም። ሚሌ ላይ በዚያ ሙቀት የሚጨፍር አንድ እብድ ግን ነበረ" አሉኝ።

እሱ ይሁን አይሁን አልመረመርኩም። ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው ፊት ለፊቴ ቆሙ። እኔም ተነሳሁ። ሽማግሌው ከበሮው ሳይመታ ቀድመው ነቀነቁ። ወንድም ጋሼ ቢኖር ያስቆማቸው ነበር።