ፍሬሽዋተር፤ አለማየሁ ፎቶ የተነሣበት ግቢ

እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት የሄድኩት ለአንድ ፎቶ ብዬ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ አለማየሁ እዚያ የተነሣው ፎቶ። ከሳውዝሃምፕተን መርከቡ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስወርድ ዝናብ ተቀበለኝ።

መጀመሪያ ኦስቦርን ገባሁ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ የዕረፍት ቤት ነው። "ደርባር" የሚባለው ኮሪደር ግድግዳው በሕንዶች ሥዕል ተሞልቷል። ሩዶልፍ ስቮቦዳ ነው የሣላቸው። ሸክላ ሠሪውም ሸማኔውም በየአገር ልብሱ ነው። ንግሥቲቱ ራሷም በውኃ ቀለም መሣል ትወድ ነበር። የፑንጃቡን ማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግን እ.ኤ.አ. በ1854 እዚሁ ቤት ሥላዋለች። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ብዙ ቆሜ አየኋቸው። የሰውን አገር ወስዶ ልብሱን ማድነቅ ግን አልዋጥልኝ አለ። የእኛም ልጅ አለማየሁ የመጣው ወደዚሁ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ሐምሌ ላይ፣ ንግሥቲቱ እንድታየው።

ከዚያ ደሴቱን አቋርጬ ወደ ፍሬሽዋተር መሄድ ነበረብኝ። ኒውፖርት ላይ አውቶቡሱ አመለጠኝ። ባለታክሲው 45 ፓውንድ ተቀበለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልገባ ዋጋ እቆርጥ ነበር፤ እዚህ አፍሬ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ያናድደኛል። ያደርኩበት ክፍል ደግሞ መስኮቱ አይገጥምም። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳው አደረ። ፎጣ ጠቀጠቅኩበት፤ ምንም አልረዳም። ተኝቼ የማስበው ስለ ልጁ ነበር። እሱም ይህን ነፋስ ሰምቷል።

ጠዋት ዲምቦላ ሄድኩ፤ ፎቶውን ያነሣችው የጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ቤት። አሁን ሙዚየም ነው። ካሜራ በስጦታ ሲደርሳት 48 ዓመቷ ነበር። መስታወት የተገጠመለትን የዶሮ ቤት ስቱዲዮ አደረገችው። በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሣው በመድኃኒት በረጠበ መስታወት ላይ ነው። ተነሺው ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ መቀመጥ አለበት። የሰባት ዓመት ልጅ ነው እንግዲህ እንደዚያ የተቀመጠው።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶውን በስልኬ ከፈትኩ። አለማየሁ ነጠላ ለብሷል። አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። አጠገቡ ሞግዚቱ የነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እኛ አገር "ባሻ ፈለቀ" ይሉት የነበረው። እሱም የሐበሻ ልብስ ለብሷል። ለስፒዲ ልብሱ ለፎቶ የተለበሰ ነው፤ ማታ ያወልቀዋል። ለልጁ ግን ከቤቱ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞተዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከመቅደላ ሲወርዱ መንገድ ላይ አርፈዋል። ስፒዲን ልጁ በጣም ይወደው ነበር፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ይባላል። ይህን ሳስብ ሰውየውን መጥላት ያቅተኛል።

አንዲት አሮጊት ሻይ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስልኬን አዩና "ዘመድዎ ነው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

ነገርኳቸው። በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ እንደሞተ፣ ዊንዘር ቤተ ክርስቲያን እንደተቀበረ፣ አፅሙ ይመለስልን ሲባል በ2023 ቤተ መንግሥቱ እንቢ እንዳለ። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉና እንደገና አዩት። ከዚያ ስሙን ጠየቁኝ። "አላማዩ" አሉ። አይደለም አልኳቸው፤ ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። ሦስተኛው ላይ ተሳካላቸው።

"አለማየሁ።"

ሻያቸውን ለእኔ ሰጥተው ሌላ ሊያመጡ ተነሡ።